ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርትና አማራጭ የኢኮኖሚ መለኪያዎች በኢትዮጵያ

ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት (በአኅጽሮት ጂዲፒ) በአንድ አገር ውስጥ በአንድ ዓመት የተመረቱ ዕቃዎችና አገልግሎቶች የመጨረሻ ዋጋ ድምር ነው። በኢትዮጵያ «ኢኮኖሚው ይህን ያህል በመቶ አደገ» ሲባል የሚነገረው ይህ ድምር ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ያሳየው ለውጥ ነው። መለኪያው የምርትን መጠን ለማወቅ ያገለግላል። የገቢ ክፍፍልን፣ ያለ ክፍያ የሚሠራ ሥራን፣ የጤናና የትምህርት ሁኔታን እንዲሁም የተፈጥሮ ሀብት መመናመንን ግን አያሳይም። በዚህ ምክንያት ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ጂዲፒን የሚያሟሉ ወይም የሚተኩ ልዩ ልዩ መለኪያዎች ቀርበዋል። ቤተሰብ ለራሱ የሚያመርተው፣ ከጎረቤት ጋር የሚሠራውና ከዘመድ የሚቀበለው ብዙ በሆነበት አገር ጥያቄው ይበልጥ ይጎላል። በእንሰት ላይ የተመሠረተ ኑሮ ያለው የጉራጌ ምድር፣ በተለይም የጉንችሬ ከተማና አካባቢዋ፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የስሌቱ አሠራር

ጂዲፒ በሦስት መንገድ ይሰላል፤ በምርት፣ በወጪና በገቢ። ሦስቱም በመርህ ደረጃ አንድ ዓይነት ውጤት መስጠት አለባቸው። በምርት በኩል የሚደመረው እያንዳንዱ አምራች የጨመረው እሴት ነው። ለምሳሌ አንድ ዳቦ ቤት ዱቄትና ሌሎች ግብዓቶችን በ1,000 ብር ገዝቶ ዳቦውን በ1,600 ብር ቢሸጥ፣ ለድምሩ የሚጨምረው 600 ብር ብቻ ነው። 1,000 ብሩ አስቀድሞ በገበሬው፣ በወፍጮ ቤቱና በሌሎች አቅራቢዎች ስም ተቆጥሯል። እንዲህ የሚደረገው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ነው።

በወቅቱ ዋጋ የተሰላው ድምር የዋጋ ንረትን ይጨምራል። እውነተኛውን ዕድገት ለማወቅ ምርቱ በአንድ የተወሰነ መነሻ ዓመት ዋጋ ይሰላል። የሕዝብ ቁጥርም ግምት ውስጥ ይገባል። ምርት በ8 በመቶ፣ ሕዝብ ደግሞ በ2.5 በመቶ ቢጨምር፣ የነፍስ ወከፍ ዕድገቱ 5.4 በመቶ ገደማ ይሆናል።

በኢትዮጵያ የብሔራዊ ሂሳብን የሚያጠናቅረው የፕላንና ልማት ሚኒስቴር ነው። ለስሌቱ የሚያስፈልጉ የእርሻ፣ የኢንዱስትሪ፣ የዋጋና የቤተሰብ ጥናቶችን የሚያካሂደው ደግሞ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ሲሆን፣ እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል ነበር። ሂሳቡ የሚዘጋው በበጀት ዓመቱ፣ ማለትም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው ጊዜ ነው። መነሻ ዓመቱም በየጊዜው ተቀይሯል፤ 1992፣ 2003 እና 2008 ዓ.ም. በተከታታይ አገልግለዋል።

ታሪክ

የዘመናዊው የብሔራዊ ገቢ ስሌት ጀማሪ ከሚባሉት አንዱ በትውልድ ከሩሲያ ግዛት የመጣው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ሳይመን ኩዝኔትስ ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ምርት ምን ያህል እንዳሽቆለቆለ የሚያሳይ አንድ ወጥ ቁጥር አልነበረውም። ኩዝኔትስ ይህን የሚሞላ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1934 ለአሜሪካ ምክር ቤት አቀረበ። በዚያው ሰነድ የአንድ ሕዝብ ደኅንነት ከገቢው ድምር ብቻ ሊታወቅ እንደማይችል አስጠንቅቋል። እ.ኤ.አ. በ1971 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1953 የመጀመሪያውን የብሔራዊ ሂሳብ ሥርዓት መመሪያ አወጣ። መመሪያው እ.ኤ.አ. በ1968፣ በ1993 እና በ2008 ተሻሽሏል። ኢትዮጵያን ጨምሮ አገሮች ምን እንደሚቆጠርና ምን እንደማይቆጠር የሚወስኑት በዚህ መመሪያ መሠረት ነው።

በኢትዮጵያ ጂዲፒ የፖለቲካ ክርክር ዋና ቃል የሆነው በተለይ ከ1996 ዓ.ም. በኋላ ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ለአሥር ዓመታት ያህል መንግሥት ያወጣው ዓመታዊ ዕድገት በአማካይ 10 በመቶ ገደማ ነበር። በተከታታይ የወጡት የልማት ዕቅዶችም ዋና ግባቸውን ያስቀመጡት በዚሁ ቁጥር ነው።

ምሳሌ፦ ጉንችሬና የእንሰት ምድር

ጉንችሬ ከወልቂጤ በስተደቡብ የምትገኝ የእነሞርና ኤነር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በጉራጌ ዞን ውስጥ ስትሆን፣ ዞኑ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ነው። ጂዲፒ የሚወጣው በአገር ደረጃ ስለሆነ እንዲህ ያለች ከተማ በሪፖርቱ ውስጥ ራሷን ችላ አትታይም። ይሁን እንጂ የመለኪያው ጥንካሬም ድክመትም በአካባቢው የዕለት ኑሮ ጎልቶ ይታያል።

ከጉድጓዱ እስከ ምጣዱ

የአካባቢው ዋና ምግብ የሚገኘው ከእንሰት ነው። እንሰት ለመድረስ በአብዛኛው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት የሚፈጅ ተክል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ይመግባል ተብሎ ይገመታል። ከእርሱ ቆጮ፣ ቡላና አሚቾ ይገኛል፤ ቃጫው ለገመድና ለጆንያ፣ ቅጠሉ ለመጠቅለያና ለጉድጓድ መደልደያ ያገለግላል። በባህሉ መሠረት ተከላውና ማዛወሩ በዋናነት የወንዶች ሥራ ነው። መፋቁ፣ መጭመቁ፣ በጉድጓድ ውስጥ ማብላላቱና ማዘጋጀቱ ደግሞ የሴቶች ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ የገለጸው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ ከጂዲፒ ውጭ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በዓለም አቀፉ መመሪያ መሠረት ቤተሰብ ለራሱ ፍጆታ የሚያመርተው ዕቃ ሁሉ ይቆጠራል። ስለሆነም ለገበያ ያልወጣ ቆጮም በግምት ዋጋ ተተምኖ መግባት አለበት። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የእርሻ ናሙና ጥናትም የተቆረጠውን የእንሰት ብዛትና የቆጮ፣ የቡላና የአሚቾን ምርት ይመዘግባል። ውኃ መቅዳትና እንጨት መልቀምም በመመሪያው ምርት ናቸው። የማይቆጠረው ቤተሰብ ለራሱ የሚሰጠው አገልግሎት ነው፤ ምግብ ማብሰል፣ ቤት መጥረግ፣ ልጅ ማሳደግ፣ የታመመና አረጋዊ መንከባከብ።

ድንበሩ በአንዲት ሴት የሥራ ቀን መካከል ያልፋል። እንሰት ስትፍቅና ቆጮ ስታብላላ «ታመርታለች»፤ ቆጮውን ከጉድጓድ አውጥታ ስትጋግርና ልጆቿን ስታበላ ግን በሂሳቡ ቋንቋ ምንም አላመረተችም። ያንኑ ቆጮ በጉንችሬ ከተማ ባለ ምግብ ቤት ጋግራ ብትሸጥ ሥራዋ እንደገና ይቆጠራል።

በተግባርም የግምት ችግር አለ። ሰብል በአንድ ወቅት ታጭዶ በኩንታል ይለካል። እንሰት ግን ቤተሰቡ በሚያስፈልገው ጊዜ አንድ አንድ እየተባለ ይቆረጣል፤ ቆጮውም በጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ የዓመቱን ምርት በትክክል መለካት ከጤፍና ከስንዴ ይከብዳል።

በጓሮ የቆመ ዋስትና

እንሰት በድርቅ ወቅት የሚያድን የቆመ ክምችት ነው። ጂዲፒ የሚለካው በዓመቱ ውስጥ የፈሰሰውን ምርት እንጂ ያለውን የሀብት ክምችት አይደለም። ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ዓመት እኩል ቆጮ ቢበሉ በስሌቱ እኩል ይመስላሉ። አንዱ በጓሮው በልዩ ልዩ ዕድሜ ያሉ ብዙ እንሰቶች ቢኖሩት፣ ሌላው ግን የመጨረሻዎቹን ቢቆርጥ፣ በመካከላቸው ያለው የዋስትና ልዩነት በዕድገት ቁጥር አይታይም። በባክቴሪያ የሚመጣው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ጓሮውን ሲያጠፋ ደግሞ የዓመታት ክምችት ይጠፋል። ቤተሰቡ ተክሎቹ ከመበላሸታቸው በፊት ፈጥኖ ከቆረጣቸው የዚያ ዓመት ምርት እንዲያውም ከፍ ብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

የባህር ዛፍ ነገርም ተመሳሳይ ነው። በጉራጌ ምድር ባህር ዛፍ ተሽጦ ጥሬ ገንዘብ የሚያስገኝ ተክል በመሆኑ በስፋት ተተክሏል። ተቆርጦ ሲሸጥ ዋጋው በምርት ውስጥ ይገባል። በምንጭ ዳር በመተከሉ ውኃ ቢቀንስ ወይም የእንሰትና የግጦሽ ቦታ ቢጠብ ግን የሚቀነስ ነገር የለም።

ጀፎረ፣ እድርና የመስቀል ገንዘብ

ጀፎረ በጉራጌ መንደሮች መካከል የሚያልፍ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የጋራ መንገድና ሜዳ ነው። ግጦሽ፣ የሸንጎና የለቅሶ ቦታ፣ የልጆች መጫወቻም ነው። በገበያ ስለማይሸጥና ስለማይከራይ ለጂዲፒ የሚያበረክተው አይታይም። ተቆርሶ ቤት ቢሠራበት ግን ግንባታው እንደ ዕድገት ይመዘገባል።

እድርና ዕቁብም እንዲሁ ናቸው። ዕቁብ ገንዘብን ከአባል ወደ አባል ስለሚያዞር በራሱ አዲስ ምርት አይደለም፤ ዕጣ የደረሰው ሰው የሚከፍተው ሱቅ ግን ይቆጠራል። በእድር የሚከናወነው የለቅሶ ዝግጅትና የሐዘን ማጽናናት አብዛኛው ያለ ክፍያ የሚደረግ ነው።

ከአካባቢው ወደ አዲስ አበባ የሄዱ ነጋዴዎችና ሠራተኞች በተለይ ለመስቀል በዓል ወደ ትውልድ ቀያቸው ይመለሳሉ፤ ገንዘብና ስጦታም ይዘው ይመጣሉ። ይህ ዝውውር ከአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ወደ ሌላ ስለሆነ በአገር ጂዲፒ ላይ ለውጥ አያመጣም። ለተቀባዩ ቤተሰብ ግን የትምህርት ቤት ወጪ ወይም የቆርቆሮ ክዳን ሊሆን ይችላል። ከውጭ አገር የሚላክ ገንዘብም በጂዲፒ ውስጥ አይገባም፤ የሚታየው በሌላ መለኪያ፣ ማለትም አገሪቱ ልታወጣው በምትችለው ብሔራዊ ገቢ ውስጥ ነው።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው የትውልድ አካባቢያቸውን በመንገድ ለማገናኘት ተደራጅተው ነበር። እንዲህ ያለ የጋራ ግንባታ በመመሪያው ሊቆጠር የሚገባ ቢሆንም፣ ደረሰኝ የሌለው ጉልበት በተግባር በቀላሉ ይዘለላል።

በኢትዮጵያ ቁጥሮች ላይ የሚነሱ ጥያቄዎች

የሕዝብ ቁጥር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ቀጣዩ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። የነፍስ ወከፍ ገቢ ሲሰላ አካፋዩ በዚያ ቆጠራ ላይ የተመሠረተ ትንበያ ነው። ትንበያው ከእውነታው ከራቀ የነፍስ ወከፍ ውጤቱም ይዛባል።

የምንዛሪ ተመን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከውሳኔው በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሆን፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር የሚገለጸው የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ መጠን በዚህ ምክንያት ሲያንስ አንድም ኩንታል እህል አልጠፋም። ስለዚህ የአገሮችን ኑሮ ለማወዳደር የመግዛት አቅምን ያገናዘበ ስሌት ይመረጣል።

የእንስሳት ሀብት። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢጋድ የእንስሳት ሀብት ፖሊሲ ፕሮግራም ሥር የወጣ ጥናት፣ እንስሳት ለኢትዮጵያ ኢኮኖሚ የሚያበረክቱት ድርሻ በብሔራዊ ሂሳብ ከተመዘገበው በላይ መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ ከጠቀሳቸው አገልግሎቶች አንዱ የእርሻ በሬዎች ጉልበት ነው። ይህ ጉልበት በሂሳቡ እንደ እንስሳት ሀብት ሳይሆን በሰብል ምርት ውስጥ ተውጦ ይቀራል።

ክፍፍል። በመንግሥት ጥናት መሠረት ከድህነት መስመር በታች ያለው ሕዝብ በ1992 ዓ.ም. 44.2 በመቶ የነበረ ሲሆን፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ 29.6 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። በ2008 ዓ.ም. መስመሩ ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር ነበር። በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. መካከል ግን የገቢ ልዩነትን የሚለካው የጂኒ መለኪያ ከ0.298 ወደ 0.328 ከፍ ብሏል። ድህነትም ቀነሰ፣ ልዩነትም ሰፋ፤ የዕድገት ቁጥር ብቻውን ከሁለቱ አንዱንም አይናገርም።

አማራጭና አሟይ መለኪያዎች

የሰብአዊ ልማት አመልካች። በፓኪስታናዊው ማህቡብ ኡል ሃቅ መሪነትና በሕንዳዊው አማርትያ ሴን አስተዋጽኦ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣዋል። ዕድሜን፣ ትምህርትንና የነፍስ ወከፍ ገቢን በአንድ ላይ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ 0.498 ነጥብ አግኝታ ከ191 አገሮች 175ኛ ሆናለች።

የዘርፈ ብዙ ድህነት መለኪያ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና በልማት ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2010 የቀረበ ነው። በጤና፣ በትምህርትና በኑሮ ደረጃ ሥር 10 ነገሮችን ይጠይቃል፤ ከእነዚህም መካከል የተመጣጠነ ምግብ፣ የልጆች ትምህርት፣ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ፣ መብራትና የማብሰያ ማገዶ ይገኛሉ። በክብደታቸው ሲሰሉ ከሲሶው በላይ ወይም እኩል የጎደለበት ቤተሰብ እንደ ድሃ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተሰበሰበ መረጃ መሠረት 68.7 በመቶ የሚሆነው የኢትዮጵያ ሕዝብ በዚህ መለኪያ ድሃ ነው። ይህን ከላይ ከተጠቀሰው 23.5 በመቶ ጋር በቀጥታ ማነጻጸር አይቻልም፤ የተለኩት ነገሮች የተለያዩ ናቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ግን፣ ምግቡን ከጓሮው አግኝቶ ከመስመሩ በላይ የቆመ ቤተሰብ ንጹሕ ውኃና መብራት ላይኖረው እንደሚችል ያስታውሳሉ።

የጊዜ አጠቃቀም ጥናት። ሰዎች ቀናቸውን በምን እንደሚያሳልፉ በሰዓት የሚመዘግብ ጥናት ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ጥናት በ2005 ዓ.ም. በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ተካሂዷል። ሴቶች ያለ ክፍያ በሚሠራ የቤት ሥራና እንክብካቤ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ ከወንዶች እጅግ እንደሚበልጥ አሳይቷል። የኒውዚላንዷ ማሪሊን ዌሪንግ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው መጽሐፍ የሴቶች ሥራ ከብሔራዊ ሂሳብ መቅረቱን በሰፊው ተችታ ነበር።

የአካባቢና የኢኮኖሚ ሂሳብ ሥርዓት። ውኃን፣ ደንንና አፈርን ከምርት ሂሳብ ጋር የሚያያይዝ መመሪያ ሲሆን፣ በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ጸድቋል።

ጠቅላላ ብሔራዊ ደስታ። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቡታን የሚሠራበት ሐሳብ ነው። ባህልን፣ የማኅበረሰብ ትስስርንና የጊዜ አጠቃቀምን ጭምር ያካትታል።

ክርክር

የጂዲፒ ደጋፊዎች መለኪያው ያልተፈጠረበትን ሥራ አልሠራም ተብሎ መወቀስ እንደሌለበት ይከራከራሉ። ግብርን፣ የዕዳ መጠንንና የመንግሥት በጀትን ለማቀድ የምርትን ድምር ማወቅ የግድ ነው። የቤት ውስጥ ሥራ በግምት ቢጨመር ድምሩ በእጅጉ ይሰፋል፤ የሥራ አጥነትና የገበያ ለውጥ ምልክቶችም በግምቱ ውስጥ ይደበዝዛሉ። የተለያዩ ነገሮችን በአንድ አመልካች ማዋሃድም ችግር አለበት። ለዕድሜ፣ ለትምህርትና ለገቢ የሚሰጠውን ክብደት የሚወስነው አዘጋጁ ነው።

ተቺዎች በበኩላቸው መንግሥታት የሚሠሩት በሚለካው ነገር ላይ መሆኑን ይጠቅሳሉ። የውኃ ቧንቧ ወደ መንደር ሲገባ ውኃ ለመቅዳት የሚጠፋው ሰዓት ይቀንሳል፤ ይህ ጥቅም ካልተለካ ቧንቧው ከሌሎች ፕሮጀክቶች ጋር ሲወዳደር ዝቅ ያለ ይመስላል። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው አማካይ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2009 በጆሴፍ ስቲግሊትዝ፣ በአማርትያ ሴንና በዣን ፖል ፊቱሲ የተመራው ኮሚሽን በፈረንሳይ ያቀረበው ነው። ኮሚሽኑ ጂዲፒን ለምርት መለኪያነት ማቆየትን፣ ከጎኑ ግን ኑሮን፣ ክፍፍልንና ለመጪው ትውልድ የሚተርፈውን ሀብት የሚያሳዩ ቁጥሮችን ማስቀመጥን መክሯል።

የቅርብ ጊዜ ለውጦች

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ባጸደቁት የመጪው ጊዜ ቃል ኪዳን፣ ከጂዲፒ ያለፉ መለኪያዎችን የሚያጠና የባለሙያዎች ቡድን እንዲቋቋም ተስማምተዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደቀው አዲሱ የብሔራዊ ሂሳብ ሥርዓትም የተፈጥሮ ሀብት ሲመናመን እንደ ምርት ወጪ እንዲታይ ያደርጋል፤ የተጣራ ምርትንም የበለጠ ቦታ ይሰጠዋል።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚያገለግሉ መነሻዎች አሉ። የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናት፣ የኑሮ ደረጃ ክትትል ጥናት፣ የእርሻ ናሙና ጥናትና የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ተካሂደዋል። ችግሩ ዑደታቸው ረጅም መሆኑ ነው። የምርት ዕድገት በየዓመቱ ሲነገር፣ ድህነትና የጊዜ አጠቃቀም የሚታወቁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ በጉንችሬ ዙሪያ የአንድ ዓመት የቆጮ ምርት በዚያው ዓመት የአገር ድምር ውስጥ ሲገባ፣ ቆጮውን ለማዘጋጀትና ለመጋገር የጠፋው ሰዓትና በጓሮ የቀረው እንሰት ብዛት በዚያው ፍጥነት አይታወቁም።